የሰረቅከኝን ሙዚቃ አስረጅብሃለሁ

«ባጃጁን አቁመው! አቁመው አልኩህ!»

ሹፌሩ ዐብዱልዓዚዝ ደንግጦ ፍሬን ያዘ... «ምን ሆንሽ አቦ?»

«ይሄን ሙዚቃ ከየት አመጣኸው?»

«አልሰማሽም እንዴ? የግሩም ነው እኮ! አዲስ አበባ ያበደችለት!»

ፋርሒያ ከባጃጁ ወርዳ ፀሐይ ላይ ቆመች...

ሙዚቃው የእሷ ነበር።

ፋርሒያ የድሬ ልጅ ናት፣ የመጋላ ሰፈር። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ግሩም ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለው የከዚራ ሰፈር ልጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ።

በአባቷ ሱቅ ጓሮ፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሬዲዮ የማያውቀው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ትሠራ ነበር። የስፌት መኪናውን ኳኳታ ትቀዳለች... ትቆርጠዋለች... ታፈጥነዋለች... ከሥሩ ከባድ ቤዝ ታስገባበታለች። ግሩም ደግሞ ድግስ አዘጋጅቶ ያጫውተዋል።

ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለው ወጣት አንድ ላይ ስለሚጨፍርበት በወንዙ ስም «ደቻቱ» አሉት።

አንድ ቀን ግሩም ሥራዋን በሙሉ በፍላሽ ገልብጦ አዲስ አበባ ገባ። በራሱ ስም ለቀቀው።

ጋዜጠኛ «ፋርሒያ የምትባል ልጅ አብራህ ትሠራ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?» ሲለው ሳቅ አለ።

«ማን? አላውቃትም።»

ያቺን ቃል ስትሰማ የፋርሒያ ልብ ድንጋይ ሆነ።

የአክስቷ ልጅ ሂባቅ እየሮጠች መጣች።

«እኔ ጋ ቪዲዮ አለ! አንቺ ስትሠሪ፣ እሱ አጠገብሽ ተጎልቶ ሲያይ። ዛሬውኑ ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው?»

«አትልቀቂው።»

«ወላሂ አብደሻል!»

«ሳምንት ይሰደባል፣ ከዚያ ይረሳል። እኔ የምፈልገው እንዲሰደብ አይደለም... ሙዚቃው ራሱ እንዲተፋው ነው።»

ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገች።

የጓሮውን በር ከፈተችው! ከመጋላ፣ ከከዚራ፣ ከሳቢያን... መማር የፈለገ ይምጣ አለች። ድምፅ እንዴት እንደሚቀዳ፣ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ለማንም ያላሳየችውን ዘዴ ሁሉ በነፃ አስተማረች።

ሰው «ደጓ ፋርሒያ» ይላት ጀመር።

ደግነት አልነበረም። ቂም ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ሁሉም የሠራውን ያሰማል፤ ሕጓ አንድ ነው። ባለፈው ሐሙስ የተሰማ ነገር ደግሞ ይዞ የመጣ ይወጣል! «ይሄ የትናንት ነው፣ ውጣ!» ትላለች። ያለቀሱ አሉ። ሰድበዋት የሄዱም አሉ።

የቀሩት ግን...

ጦልሃ የብየዳ ቤቱን ብረት አዘፈነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራው ዱኒያ ደግሞ በሠራተኛ ሰርቪስ ውስጥ የሴቶቹን ጭብጨባና ሳቅ ቀዳች። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ ሲቀላለዱ... ምቱን አዘገመችው፣ ደረት ውስጥ እስኪገባ ድረስ።

እንደዚያ ያለ ደቻቱ ተሰምቶ አያውቅም!

ከዓመት በኋላ ግሩም ለትልቅ ኮንሰርት ድሬ መጣ። አዘጋጆቹ «ከእሱ በፊት የከተማው ልጆች ይጫወቱ» አሉ። ፋርሒያ ልጆቿን ላከች። ራሷ ሕዝቡ መሃል ገብታ ቆመች።

ጦልሃ ሲጫወት ሜዳው ተናወጠ። ዱኒያ ስትቀጥል ሰው ጨርቁን ሊጥል ደረሰ።

ከዚያ ግሩም ወጣ።

ያንን የታወቀበትን ለቀቀው። ሕዝቡ ጮኸለት... ከዚያ ቀዘቀዘ። ሌላ ቀየረ። ያው ነው። ሌላ... ያው!

ከፊት አንዱ ጮኸ፦ «ዋርያ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል! ዱኒያን መልሷት!»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተዛመተ። «ዱኒያ! ዱኒያ!»

ግሩም ሙዚቃውን አጥፍቶ ወረደ።

ፋርሒያ ደስ አላት? አልዋሻችሁም... አጥንቷ ድረስ ደስ አላት።

ከመድረኩ ጀርባ ጠበቀችው።

«አንቺ ነሽ አይደል ያስተማርሻቸው?» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«ምን እንዳደረግሽ ገብቶሻል? የገደልሽው እኮ የራስሽን ነው! ከእንግዲህ ያንን ሙዚቃ አንቺ ራስሽ ብትጫወቺውም ማንም አይሰማሽም።»

ፋርሒያ ፈገግ አለች።

«አውቃለሁ። በሩን የከፈትኩ ቀን አውቄዋለሁ። የኔ ስለነበረ ነው የገደልኩት... አንተ እጅ ላይ ከሚኖር ይሙት ብዬ።»

ግሩም አንገቱን ደፋ።

«ይቅር በይኝ ፋርሒያ። አሁኑኑ መድረክ ላይ ወጥቼ የእሷ ነው ልበል?»

«የሞተ ነገር ባለቤት አያስፈልገውም።»

ጥላው ሄደች። በማግስቱ ከባዶ ጀመረች...

ወዳጆቼ፣ ሌባ የሠራችሁትን ሊወስድ ይችላል። ነገ የምትሠሩትን ግን ከየት አምጥቶ ይሰርቀዋል? የቆመ ነገር ይሰረቃል... የሚሄድ ነገር ግን አይደረስበትም!

ግሩም እስከ ዛሬ ሽማግሌ ይልካል። እሷ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

እናንተስ? ሌባችሁን ለመቅጣት ብላችሁ የገዛ ሥራችሁን በእጃችሁ ትቀብሩ ነበር? ወይስ ፋርሒያ ቂሟን አብዝታዋለች? እውነቱን ንገሩኝ፣ እያንዳንዱን አነባለሁ 👇