የሰኞ እርሾ

ዶክተር ሮዳስ ረዳቷን ታዴዎስን አትወደውም። እሱም አይወዳትም። ሆሳዕና ያለው ላብራቶሪ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ የምትገባው የጽዳት ሠራተኛዋ ፋጡማ ብቻ ናት።

ሮዳስ አንድ የእርሾ ዘር ላይ ስድስት ዓመት ለፍታለች። ብርድ ሲነካው የትኛው ጂን እንደሚነቃ፣ የትኛው እንደሚተኛ ማወቅ ነው ሥራዋ። ዘንድሮ ካልጨረሰች ጥናቱ ይዘጋል፤ ስድስት ዓመቷም ገደል ገባ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ዋጋ አለው! ሰኞ ያዘጋጀችው የእርሾ ማሳደጊያ ሳህን ሁሉ ረቡዕ ሲከፈት ባዕድ እርሾ ወሮት ይገኛል። የሐሙሱ ንጹሕ ነው። ሰኞ ደግሞ ታዴዎስ ቀድሟት የሚገባበት ቀን ነው።

«ከዕቃዬ ላይ እጅህን አንሣ!» አለችው አንድ ሰኞ።

«ጓንት አድርጌያለሁ እኮ፣ ዶክተር።»

«እጁን የሚሸፍን ሌባ ነው። እኔ ሃያ ዓመት በባዶ እጄ ሠርቻለሁ።»

ታዴዎስ ሳቀ። «ሰኞ ሰኞ ግን ቤቱ ቆጮ ቆጮ ይሸተኛል።»

ደሟ ፈላ። ቅዳሜና እሑድን ዶዮገና እናቷ ጋ እንደምትውል ያውቃል። እናቷ ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ከርሞ የሚወጣውን ቆጮ የምታሸው እሷ ናት፤ በዚህ አታፍርም። እናቴን ሰደበ ብላ በቀጥታ የኮሌጁ ዲን ዶክተር ጠና ዘንድ ገባች።

«ወይ እሱ ወይ እኔ!»

«ማስረጃ አለሽ?» አሉ ዲኑ።

«እርሾው ራሱ ይመሰክራል። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ላብራቶሪው ከምንገባው ከሦስታችንም ጥፍር ሥር ናሙና ይወሰድ። ጂኑ ይነበብ። ባዕዱ እርሾ የተገኘበት ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቁልፉን አስረክቦ ይሂድ። ይቅርታ ብሎ ነገር የለም።»

ዲኑ ቃሏን አስጻፉት። ቀድማ የፈረመች እሷ ናት። ታዴዎስም ፈረመ። ፋጡማም ሦስት ልጆቿን እያሰበች ፈረመች።

ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሦስቱም ዲኑ ቢሮ ተጠሩ።

«ጊዜ አናባክን» አለች ሮዳስ ወደ ታዴዎስ ዞራ። «ቁልፉን አስቀምጥ።»

ታዴዎስ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ዲኑ ፖስታውን ቀደዱ። አነበቡ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡ። ከዚያ የታዴዎስን ቁልፍ አንሥተው መለሱለት።

«ዶክተር ሮዳስ» አሉ እጃቸውን እየዘረጉ፣ «ቁልፍሽን።»