ለእኔ ዐይን ትበቃለች

ቤተዘመዱ የሠርጉን ፊልም ሊያይ በተሰበሰበበት ሳሎን፣ ከፕሮጀክተሩ ወጥቶ ግድግዳውን በሞላው ምስል ላይ የሙሽራው እናት እያነከሱ ልጃቸውን ሊስሙ ሲሄዱ ታዩ። ከኋላቸው፣ ከምስሉ ጥግ፣ አንድ ሰው እግሩን እየጎተተ በአካሄዳቸው ያሾፍ ነበር። ሰውየው ፊልሙን ሠርቶ ያመጣው ካሜራ ማን ራሱ ነበር።

ያን ቀን ባልደረባውን ለማሳቅ ብሎ ነው፤ የባልደረባው ካሜራ እየቀረጸ መሆኑን መች ልብ አለ? ኋላም ይኸው ባልደረባው፣ "ይቺ ላፕቶፕህ ጠባብ ናት፤ ከትልቅ ስክሪን ጋር አገናኝተህ እየው" ቢለው፣ "ለእኔ ዐይን ትበቃለች" ብሎ በዚያችው ደብተር በምታክል ስክሪን ቆርጦ ቀጥሎ ጨረሰው። እዚያ ላይ የእሱ ምስል ከዝንብ አይበልጥም ነበር። አሁን ደንግጦ ፊልሙን ቢያቆመው፣ ግድግዳው ላይ አንድ እግሩን አጥፎ፣ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሙሽራዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እናትየው ብድግ አሉና፣ እንደ ልማዳቸው እያነከሱ አጠገቡ መጥተው ግድግዳውን ቀና ብለው አዩ።

"እስቲ ከመጀመሪያው መልሰው" አሉት።

አቀርቅሮ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረ። "እማማ... እዚህችው ላይ ላሳይዎት?"

"ኧረ በትልቁ ይሁን ልጄ። በትንሹማ አንተም ራስህን አላየህ።"