አክስቴና ቶንሲሌ በአንድ ስላይድ

ማይክሮስኮፑ ሥር ያለውን የመስታወት ስላይድ ወደ ቀኝ ገፋሁት፣ ወደ ግራ መለስኩት። የአክስቴ እጢ ላይ ቡናማ የሚባል ነገር ለዓይን እንኳን የለም። ሁሉም ሰማያዊ ነው። ክው አልኩ።

ጠዋት ዶክተሩ፣ "ሌላው ሁሉ ደህና ይመስላል፤ መረቡን ብቻ አሳዪኝ። መረቡ ካለ አክስትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ" ብለውኝ ነበር። መረብ የሚሉት ፎሊኩላር ዴንድሪቲክ የሚባሉት ሴሎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው የሚሠሩትን ነው። ጤነኛ እጢ ውስጥ ክብ ክብ ጎጆዎች አሉ። እነዚህ ሴሎች እዚያ ቁጭ ብለው የጀርም ቁራጭ ይይዙና ለወጪ ወራጁ ነጭ የደም ሴል "ጠላትህ ይኸውልህ" እያሉ ያሳያሉ። በተራ ቀለም አይለዩም፤ በልዩ ቀለም ቡናማ አድርጌ የማወጣቸው እኔ ነኝ። አንዳንድ ካንሰር እጢ ውስጥ ሲገባ ግን መረቡ ይበጣጠሳል፤ አንዳንዴም ድራሹ ይጠፋል።

ያሳደገችኝ አክስቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። አንገቷ ሥር ያበጠውን ነገር "ብርድ ነው" እያለች በሻርፕ ስትሸፋፍነው ከርማለች። እጢው ወጥቶም ሻርፑን አልፈታችም። አሁን ምን ብዬ ልውጣላት?

ይሄኔ ቶንሲሌ ትዝ አለኝ።

እኛ ዘንድ ቀለሙ በትክክል መሥራቱ እንዲታወቅ በየስላይዱ ዳር የጤነኛ ቶንሲል ቁራጭ ይለጠፋል። ቶንሲሉ ደግሞ የኔ ነው። እዚሁ ሲወጣልኝ ለላብራቶሪው ይሁን ብዬ ትቼዋለሁ። ባልደረቦቼ "አንቺ ብትቀሪ እንኳን ቶንሲልሽ ከሥራ አይቀርም" እያሉ ይስቁብኛል። ስላይዱን ወደ ዳር ገፋሁትና አየሁ።

የኔም ባዶ!

"ተመስገን!" ብዬ ጮህኩ።

ዶክተሩ ከጠረጴዛቸው ቀና አሉ። "መረቡ አለ?"

"የለም! የኔም የለም! አበላሽቼዋለሁ!"

"ሥራ አበላሽቶ የሚፈነጥዝ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አሉ።

ማሞቁን ረስቼ ኖሯል። ስላይዱ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ካልተዘፈዘፈ ቡናማውን ቀለም አይቀበልም፤ ይሄን ጀማሪም አይስተውም። እኔ ግን ጠዋት ልቤ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ያን ያህል ሞኝ በመሆኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሷም ከኔም እንደገና ቆረጥኩ፤ አሞቅኩ፤ ቀለሙን አድርጌ ጠበቅኩ። የምሳ ሰዓትም እዚያው አለፈ። ሲደርስ መጀመሪያ የኔን አየሁ። ቡናማው መረብ ጥርት ብሎ ወጥቷል። እንግዲህ ማምለጫ የለም። ስላይዱን ወደ አክስቴ ገፋሁት።

ክቡ ውስጥ መረብ። ቀጥሎ ያለው ክብ ውስጥም መረብ። ሁሉም ሙሉ ናቸው።

ዶክተሩ የሷንም የኔንም እያመላለሱ ደጋግመው አዩ። "እጢው ተቆጥቶ ነው እንጂ ምንም የለበትም። የተበላሸ ጥርስም እንዲህ ያሳብጣል። ጥርሷን ያማታል?"

"ያማታል። የጥርስ ሐኪም ሲባል ግን እግሬ አውጪኝ ነው የምትለው።"

"ዛሬ አታመልጠንም። ጥሪያት።"

አክስቴ ስጠራት መጥታ፣ ዶክተሩ ያሉኝን ሲደግሙላት በር ላይ ቆማ ሰማቻቸው። "እፎይ!" አለችና በሻርፏ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስለ ጥርሷ የተናገሩትን እንዳልሰማች አለፈችው። "እስቲ ይሄን ያስጨነቀኝን ጉድ ልየው" ብላ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ስታስጠጋ ጊዜ ፈጀባት።

"እነዚህ ከየት የመጡ ናቸው?"

"ከየትም አልመጡም፣ እትዬ። ሌሎቹ ከአጥንት መቅኒ ተነስተው በደም ይዞራሉ። እነዚህ ግን እዚያው እጢው ውስጥ አድገው እዚያው የሚኖሩ ናቸው፤ ንቅንቅ አይሉም።"

"እኔን መሰሉ በይኛ!" አለች፤ አንድ ቤት ውስጥ ተወልዳ እዚያው ያረጀችው አክስቴ። ሦስታችንም ሳቅን። "እንዴት ያምራል እባክሽ! ይሄ የኔ ነው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዶክተሩ መጨረሻ ላይ ያዩት ቶንሲሌን ኖሯል፤ እሷም የምታየው እሱኑ ነው።

"አዎ፣ ያንቺ ነው" አልኳት።

ሻርፑን ከአንገቷ ፈትታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና እንደገና ጎንበስ አለች።