ግሪስ የነካው እጅ

በአገራቱ ኅብረት ሕግ፣ ሥራ አጥ የቀነሰለት አገር ሥራ አጥ ለበዛበት ጎረቤቱ ከሥራው ያካፍላል። ዘንድሮ ዕጣው የድሬዳዋዋን የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ትርንጎን ነካ። ሥራዋን የምትረከበው አቾል ከጁባ መጥታ አንድ ወር እሷው ቤት ተቀመጠች፤ ትርንጎም ያላትን ሙያ ሁሉ አስተማረቻት። ከአሥር ቀን ወዲህ ግን መፍቻ የምትይዘው አቾል ብቻ ናት። ትርንጎ ቤት ውላ ሽንኩርት ትከትፋለች።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ትርንጎ የአቾል የብቃት ወረቀት ላይ «ብቁ ናት» ብላ ከፈረመች ሥራው ለአቾል ያልፋል፤ «ብቁ አይደለችም» ካለች ግን አቾል ባዶ እጇን ትመለሳለች፣ ሥራውም ለአንድ ዓመት እዚሁ ትርንጎ እጅ ይቆያል። ትርንጎ «ብቁ ናት» ልትል ቆርጣ ነበር።

አመሻሽ ላይ አቾል ስትገባ፣ ዓይናቸው የጠፋው የትርንጎ እናት እማማ ዘነቡ በሩ አጠገብ እጇን ያዝ አደረጉና አሸተቱት።

«ትርንጎዬ፣ መጣሽልኝ?»

«እኔ አቾል ነኝ፣ እማማ።»

«ውይ! ግሪስ ሲሸተኝ እኮ ልጄ መሰልሽኝ!» ብለው ሳቁ። እጇን ግን አልለቀቁም።

ትርንጎ ከማጀት ሆና አየቻቸው። የራሷን እጅ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ወረቀቱን ሳበችና «ብቁ አይደለችም» ብላ ፈረመች።

አቾል መጥታ አነበበችው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ምን ጎደለኝ? አንድ ነገር እንኳ ይንገሩኝ።»

ትርንጎ ሠላሳውን ቀን በሐሳቧ አገላብጣ አንድም ስህተት አጣች።

«ስትገቢ እጅሽን አትታጠቢም» አለቻት።