የጎደለው ውሃ

የሐዋሳ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ዓሦቹ ለየቤቱ እየታደሉ ነው፤ ውሃቸውም ከቤተሰቡ ድርሻ ላይ ይቀነሳል። የላቀች ዓሦች ዛሬ ከሰዓት ይመጣሉ። የምድር ቤቱን ወለል አፍርሳ ያሠራችው የመስታወት ገንዳ ጠዋት እስከ ቀይ መስመሩ ሞልቶ ነበር፤ አሁን የጥፍር ያህል ጎድሏል። ጎዶሎ ገንዳ የተገኘበት ቤት ደግሞ ውሃው ይቋረጣል።

ላቀች ደረጃው ሥር ሆና፣ ላይ ቤት ምሳ ሊቀርብላቸው የተቀመጡትን ግንበኛ ጠራች። "ጋሽ ዳንሳ፣ ያፈሳል መሰለኝ።"

ዳንሳ ወርደው መጋጠሚያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ጠብ አይልም" አሉ።

"ታዲያ እጅዎ ለምን ረጠበ?"

አማቷ ከደረጃው ላይ መለሱላት።

"እኔ ነኝ ከገንዳው ቀድቼ ያስታጠብኳቸው። እንግዳ እጁን ሳይታጠብ ይብላ?"

ዓሦቹን የጫነው መኪና ጥሩምባ በር ላይ ተሰማ። ላቀች የልጇን የመጠጥ ውሃ ከነኮዳው አምጥታ ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። ውሃው መስመሩን ነካ።

ከዚያ ለዳንሳ ፎጣ ዘረጋችላቸው። እሳቸው ግን እርጥብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተይው ልጄ፣ በራሱ ይድረቅ። ሰው ካስታጠበኝ ስንት ዘመኔ።"