ዳክዬ ያለበት ኩሬ

በደረቴ ጭቃው ላይ ተኝቼ ስልኬን ዝቅ አደርገዋለሁ። ዝቅ ባለ ቁጥር ውሃው ይሰፋል፤ የተሰነጣጠቀው ዳርቻ ከፎቶው ይወጣና የሰፈራችን ኩሬ ሐይቅ ይመስላል። ይህን ብልሃት ማንም አላስተማረኝም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ጊዜ አለው።

የዱር ዳክዬዎቹ መሃል ላይ ናቸው፤ ምንቃራቸው ቀይ፣ ጉንጫቸው ነጣ ያለ። የሚዋኙ ይመስላሉ እንጂ ቆመው ነው። ውሃው ጉልበታቸውን አያልፍም።

ከኋላዬ የከብት ኮቴ ይሰማኛል። ዞር ስል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ላሞቻቸው እየተንገዳገዱ ይከተሏቸዋል።

«አካም፣ ልጄ። ናጋ?»

«ናጋ፣ አባባ፤ ሰላም ነው።»

«ኩሬው በየት በኩል ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ይሄንንማ አየሁት። ትልቁን ነው የምልህ፤ ዳክዬ ያለበትን።»

ከሽርጣቸው እጥፋት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አውጥተው ይዘረጉልኛል። «ልጄ ጉያቱ ናት ከሞያሌ የላከችልኝ» ይላሉ። ባለፈው ወር ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት ፎቶ ነው፦ ሰማይ የሚያህል ውሃ፣ ዳክዬዎቼ፣ ከሥራቸውም «የነጌሌ ባሕር» የሚል የራሴ ጽሑፍ።

«ድሮ አቡሩ እንልክ ነበር። ጎረምሳ ሄዶ ሳሩንና ውሃውን በዓይኑ አይቶ ሳይመለስ ከብት አይነሣም። ዘንድሮ ፎቶውን አየንና ተነሣን። ሰው ይዋሻል፣ ዳክዬ ምን አግኝቶ ይዋሻል ብለን ሣቅን።»

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከዱብሉቅ ማዶ። መንገድ ላይ የቀሩት ከእነዚህ ይበዛሉ። ከዚህ ወዲያስ ውሃ የት አለ?»

የማውቀው የለም። ጭቃ የለበሰውን ደረቴን ያዩታል፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ስልክ፤ ከዚያ ሰውነቴ ጭቃው ላይ የተወውን ቅርጽ። አይቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በትራቸውን አስቀምጠው ቀስ ብለው በጉልበታቸው ይወርዳሉ፤ ቀጥለው እኔ በተኛሁበት በደረታቸው ይተኛሉ። ጉንጫቸውን መሬት ያስነካሉ።

«አዎ» ይላሉ። «ከዚህ ሲያዩት ብዙ ነው።»

ላሞቹ አይጠብቁም። የመጀመሪያዋ ስትገባ ዳክዬዎቹ ይነሣሉ፤ ዞረው ሽማግሌው ወደመጡበት አቅጣጫ ይበራሉ። ላሟ አፏን ዝቅ አድርጋ ትስባለች፣ ጭቃ ትተፋለች፣ እንደገና ትስባለች። ሽማግሌው ከተኙበት ቀና አይሉም።