አፍ የሌለው ልጇ

«ይቀመጡ እንጂ፣ ምነው ቆመው ቀሩ?» ትለኛለች እናቴ፣ ሶፋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀችልኝ። ወልዳ ያሳደገችኝ ሴት አንቱ ማለት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። እኔ ግን እስካሁን አልለመድኩትም። ለእሷ ዲሽ ለማስተካከል የምመጣ ጨዋ ሰውዬ ነኝ። ምስሉ ጥርት ሲል ትመርቀኛለች።

«ሊጀምር ነው» ትላለች። ሪሞቱን በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። «ልጄ እዚህ ውስጥ ይሠራል።»

እውነቷን ነው። ከዋክብት መሃል ጠፍታ በምትንከራተት መርከብ ላይ ሞተር የሚጠብቅ፣ አፍ የሌለው አረንጓዴ ፍጡር ሆኜ በተከታታይ ድራማው እጫወታለሁ። ከአናቴ እስከ እግሬ ላስቲክ ስለብስ የቅርብ ጓደኞቼ እንኳ አይለዩኝም። እናቴ ግን ፊቴን ከረሳች በኋላ፣ የመጀመሪያው ቀን ገና ብቅ ስል፣ «ያ ትከሻው የተንጋደደው የእኔ ልጅ ነው» ብላ በጣቷ አሳየችን። ላስቲኩን የሥራ ልብስ ነው ብላ ታምናለች። እንዴት ይሞቀው ይሆን እያለች ታዝንልኛለች።

እኔም ቅዳሜ ከሰዓት በመጣ ቁጥር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ራሴን አያለሁ። ልጇ የምሆንበት ሌላ ቦታ አልቀረኝም።

ታላቅ እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ በዓይኗ ትጠይቀኛለች። የምንፈራው አንድ ነገር ነው። ፍጡሩ በዚህ ዓመት ይሞታል፤ ሞቱን ራሴ ሠርቼዋለሁ። የዚያን ቀን ቆጣሪውን አጥፍተን መብራት ሄደ ልንላት ተስማምተናል።

«ዛሬ ሰላም ነው፣ እታለም» እላታለሁ በሹክሹክታ። «የምሞተው መጨረሻው ክፍል ላይ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሟቹ እኔ አይደለሁ እንዴ? ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነው!»

ሳቋን አፍና ወደ ዕቃ አጠባዋ ትመለሳለች።

ድራማው ይጀምራል። «መጣ! የእኔ ጌታ!» ትላለች እናቴ። «ከስቷል ግን። ምግብ አይሰጡትም?» አፍ ሳይኖረው በምን ይበላ ብዬ ልቀልድ እልና አንጀቴን ትበላኛለች። «ደህና አድርጎ ይበላል፣ አታስቢ» እላታለሁ።

ከዚያ የሞተር ክፍሉ ቢጫ በር ይታያል፤ ክው እላለሁ። እዚያ በር ጋ የሠራሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የቀረጻው የመጨረሻ ቀን። ልብሱ አንድ ብቻ ስለነበረና እሳቱ ስለሚያበላሸው ሞቴን ከሁሉም በኋላ ነው የቀረጹት። ከድርሰቱም የሚሰጡኝ የራሴን ገጾች ብቻ ነበር። እኔ ቂሉ ታዲያ መጨረሻ የተቀረጸው መጨረሻ ይታያል ብዬ ደመደምኩ። የኋላው ከፊቱ ቀድሞ በሚቀረጽበት ሥራ ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቼ!

«እታለም፣ ቆጣሪውን!»

ጓዳ ውስጥ የቧንቧው ውሃ ይንሿሿል፤ አትሰማኝም። ሪሞቱን ከእናቴ ልቀበል ስሞክር ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች። ሶኬቱ ከከባዱ ብፌ ጀርባ ነው። ብልሃቱ ሁሉ ሲጠፋብኝ ሄጄ ቴሌቪዥኑ ፊት እገተራለሁ።

«ኧረ ከለሉኝ ጌታዬ! ልጄን ልይበት!» ተነስታ በክንዷ ገፋ ታደርገኛለች። ጉልበቱን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። እኔን ለማየት እኔን ትገፋለች።

አብረን እናያለን። እሳቱ ይነሳል። ፍጡሩ ሌሎቹን ወደ ውጭ ገፍትሮ በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። በትንሿ መስኮት አረንጓዴ እጅ ይታያል፤ ቀጥሎ ጭስ ብቻ። ሲቀረጽ እዚህ ላይ ሁሉም አጨብጭበውልኝ ነበር። እኔም ጭንብሌን አውልቄ እየሳቅኩ ውሃ ጠጥቻለሁ።

እናቴ ቀስ ብላ ትቀመጥና ነጠላ ጫማዋን ትመለከታለች። እህቴ እጇን እየጠራረገች ትገባና በሩ ላይ ቆማ ትቀራለች።

እግሯ ሥር እንበረከካለሁ። «ልጅሽ እኔ ነኝ። ይኸው አልሞትኩም፣ ደህና ነኝ፤ እስቲ እዪኝ።»

ረጅም ጊዜ ታየኛለች። ቅንድቤን፣ አፍንጫዬን፣ አፌን።

«እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች በመጨረሻ። «ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። እናትዎ የታደሉ ናቸው።»

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

«አብረውት ይሠሩ ነበር?»

«አዎ።»

«ያኔስ ነበሩ? እሳቱ ሲነሳ?»

«ነበርኩ።»

«ብቻውን አልነበረማ?»

«አልነበረም።»

እጄን ትይዛለች። «ምንም አላለ?»

ላስቲኩ አፍ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን። «ጠራዎት» እላታለሁ። እናቴን አንቱ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔን? ምን ብሎ? እኔ እኮ አልሰማሁትም።»

«እማዬ» እላለሁ። «እማዬ!»

እናቴ እጄን ትለቅና፣ የሳሙና ማስታወቂያ ወደጀመረው ቴሌቪዥን ዞራ፣ «ወዬ» ትላለች። «ወዬ፣ ልጄ።»